ጭራሮና የእሳት ኳስ

ጥቅምት 4

ለውድ ታናሽ እህቴ ለጭራሮ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። የሚያማትን ከሆነ ግን ቀስ አድርገሽ።

በደብዳቤ የምጽፍልሽ ወድጄ አይደለም። ስደውል እማዬ ስልኩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ አትለቅም፤ አንቺ ጋ ሲደርስ ሂሳቡ አልቋል። እንዲህ ብጽፍልሽ ግን ብቻሽን ታነቢዋለሽ።

ሥራዬ ያው ነው። የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የማየው የሰው ጫማ ነው። አንሶላ ከማሽን እናወጣለን፣ ሁለት ሁለት ሆነን ጫፍና ጫፉን ይዘን እናራግፋለን፣ ከዚያ ወደ መተኮሻው እንሰደዋለን። ምሽት ላይ እጄ እንደ ተቀቀለ ነገር ነጭ ይሆናል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እማዬ ባለፈው፣ “ታናሽሽም እሁድ እሁድ የአጎትሽ ልጅ ጋ መሄድ ጀምራለች” አለችኝ። ደስ አለኝ። ግን ገረመኝም። ያኔ አንቺ በር ላይ ቆመሽ፣ “ጢም ያበቀሉ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ዳይስ እየወረወሩ ጭራቅ ገደልን ይላሉ” እያልሽ ትስቂብን ነበር። አሁንስ ማን ሆነሽ ነው የምትጫወቺው? የአጎታችን ልጅ ሶፋ ሰሪው እንደ ድሮው ታሪኩን እየተረከ፣ ያደረጋችሁት መሳካቱን በዳይሱ ቁጥር ይወስናል? ጓደኛው መካኒኩስ በጨዋታው ሰይፈኛ ነው ገና?

እኔ አስማተኛ ነበርኩ፣ እሳት አዝናቢ። ድልድዩ ላይ የሆነውን ነግረውሽ ይሆናል። ሽፍቶቹ ከወዲያና ከወዲህ ሲከቡን፣ መካኒኩ አንድ ሁለቱን ጥሎ ሲደክም፣ እኔ የእሳት ኳሱን ለቀቅኩት። ዳይሱ ከብዛቱ የተነሳ በሁለት እጄ አልያዝ ብሎኝ በቆብ ነው የወረወርኩት። ሶፋ ሰሪው ደምሮ ደምሮ ቀና አለና፣ “ድልድዩ ላይ የቆመ ሰው የለም” አለ። ሁሉም ከወንበሩ ተነሳ። በሕይወቴ ሰው የተነሳልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አጫውቱኝ የሚላችሁ ሰው ቢመጣ እንኳ ቦታዬን እንዳትሰጡብኝ። እሳት አዝናቢዋ አልሞተችም፤ ሩቅ አገር ሄዳለች በሉ።

እህትሽ


ጥቅምት 27

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እማዬን ጉልበቷን ብስማት፣ “የቱን ነው ያለችሽ?” ብላ ጠየቀችኝ።

እኔም ያው መነፅር ቤቱ ነኝ። መስታወት እሞርዳለሁ፣ ፍሬም ውስጥ እከታለሁ። ሰዉ ዓይኑን አጨንቁሮ ይመጣና ጠርቶለት ይሄዳል፤ ማን እንዳጠራለት ግን ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ቦታሽን በተመለከተ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ወንበርሽ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሌላኛው ወንበር እግሩ ተሰብሯል። ሶፋ ሰሪ ቤት ውስጥ የሚያስቀምጥ ወንበር ጠፋ ቢባል ማን ያምናል።

እኔም አስማተኛ ነኝ። እሳት ግን አልወሰድኩም። የኔ ድግምት ጭጋግ ነው፣ ሐረግ ነው፣ ደግሞ ሰውን የሚያፈጥን አለ። ባለፈው እሁድ አንድ ዓይና ግዙፍ ገጠመን። እኔ ፊቱን በጭጋግ ሸፈንኩት፣ እግሩን በሐረግ አሰርኩት። መካኒኩ ከኋላው ዞሮ ደጋግሞ መታው። ግዙፉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰነዝር ወደቀ። መካኒኩ ምን ቢል ጥሩ ነው? “ዛሬ ገና ሰይፌ ሰይፍ ሆነ።” ሶፋ ሰሪውም፣ “በስሌት ከሆነ ከእሳት ኳስ ይሄ ይበልጣል” አለ። አዲስ የጨዋታው ሕግ መጽሐፍ ገዝቷል፤ ቁጥሩን ሁሉ በእርሳስ ሠርቶ አሳየን።

እዚያ ጥሩ ዳይስ ካለ ብትልኪልኝ። የኔ ጠርዙ ተበልቶ አንድ ቁጥር ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው፣ እሱም ትንሿ ላይ።

ታናሽሽ ጭራሮ


ኅዳር 9

ለጭራሮ፣

እንደምን ነሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ ነው የምጽፍልሽ። ቅናት እንዳይመስልሽ። ስለ ጨዋታው የማውቀውን ላስረዳሽ ብዬ ነው።

ሶፋ ሰሪው በስሌት ይበልጣል ካለ፣ ስሌቱን ያበላሸው ማን ሆኖ ነው? ድግምቱ አልደከመም፤ ጭራቆቹ ናቸው የወፈሩት። ድሮ የአንድ ሽፍታ ነፍስ፣ ሲመታ የሚቀነስለት ቁጥር፣ በአንድ እጅ ጣት ትቆጠር ነበር። እሳት ሲመጣ ይቃጠላል፣ አለቀ። አሁን አዲሱን መጽሐፍ ገዛሁ ብሎ ጭራቁን ሁሉ እንደ ሶፋው ስፖንጅ ጠቀጠቀበት። የኔ ዳይስ ግን እዚያው የነበረበት ቀረ። የነፍሱን ቁጥር ሦስት እጥፍ ካደረጉ በኋላ “እሳት ደካማ ነው” ማለት፣ ሰውየውን በሦስት ካፖርት ጠቅልሎ “ብርዱ የለም” እንደማለት ነው። ይህንን አንብቢለት።

ደግሞ ድግምት በስሌት ብቻ አይለካም። አንቺ ጭጋግ ስትለቂ ምን ይታያል? ጭጋግ። ማን ገደለው ሲባል መካኒኩ ነው። እሳት ግን የላከው ይታወቃል።

እስቲ ያቺን ቀን በደንብ ንገሪኝ። መካኒኩ “ዛሬ ገና” ነው ያለው፣ ወይስ “ዛሬም”? ሲለው ቆሞ ነበር ተቀምጦ? ከወንበሩ የተነሳ ሰው አለ?

ዳይስ ፈልጌ አላገኘሁም። የእማዬን ሻርፕ ሰው ሲመጣ እልካለሁ።

እህትሽ


ታኅሣሥ 30

ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ሻርፑ ደርሷል። እማዬ ከአንገቷ አላወረደችውም። ጎረቤት ሁሉ እየዳሰሰው፣ “ትልቋ ናት የላከችላት” ይላል። ሐኪም ቤት ይዣት የምሄደው እኔ ነኝ፤ ወረፋ የምይዘው፣ ደረጃውን አቅፌ የማወጣት እኔ ነኝ። ነርሷ መድኃኒቱን እያስረዳችኝ እማዬ ጣልቃ ገብታ፣ “ትልቋ ልጄ ውጭ አገር ናት” አለቻት። እኔን ማን ናት ብላ እንዳሰበች እንጃ። አንቺ ከሩቅ ታበሪያለሽ። እኛ ቅርብ ያለነው እንደ መስታወት ነን፤ በኛ በኩል አንቺን ነው የሚያዩት።

ጠረጴዛውም ላይ ያው ነው። ገና የተቀመጥኩ ቀን ሶፋ ሰሪው፣ “እህትሽ ብትኖር ይሄኔ አቃጥላቸው ነበር” አለ። ጭራቅ በመጣ ቁጥር የድልድዩ ወሬ ይነሳል። እሳት ያልወሰድኩት ለምን እንደሆነ አልጠየቅሽኝም። እሳት ብወስድ ያንቺ አመድ ነበር የምሆነው።

ስለ ክርክርሽ፣ አንብቤለታለሁ። ስለ ስፖንጁ ሲሰማ ሳቀ፤ ግማሹ እውነት ነው አለ። ከዚያ አንድ ሙከራ አሳየን። ጠረጴዛው ላይ አዝራሮች ደርድሮ ጭራቅ ናቸው አለና ያንቺን እሳት ለቀቀባቸው። ሁሉም ተለበለቡ። ከወደቁት ይልቅ ግን አንድ ሁለት ነፍስ ቀርቷቸው የቆሙት በዙ። “እዩ” አለ፣ “አንድ ነፍስ የቀረችው ጭራቅ ሙሉ ነፍስ ካለው እኩል ነው የሚናከሰው።” መካኒኩ ግን አዝራሮቹን እያየ፣ “ቢሆንም ሲፈነዳ ደስ ይላል” አለ። ተቀምጦ ነው ያለው። የጠየቅሽኝን ሁሉ መለስኩልሽ።

ካላመንሽ ራስሽ ነይ። ሶፋ ሰሪው እሁድ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው መሃል ያስቀምጠዋል። ሩቅ አገር የሄደችው ተመለሰች እንላለን።

ታናሽሽ


ጥር 15

ለጭራሮ፣

እሺ። እሁድ ከሰዓት እረፍት አለኝ። ግን ዳይሱን በኔ ፈንታ መካኒኩ ይወርውርልኝ። አንቺ አትንኪብኝ።

ስለ ሐኪም ቤቱ የጻፍሽውን አነበብኩት። እኔ ደግሞ አንቺ እማዬን አቅፈሽ ደረጃ ስትወጪ ብቻ ነው የታየኝ።

እህትሽ


የካቲት 6

ለውድ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እማዬስ?

ከእሁዱ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም። ስደውል እማዬ “መነፅር ቤት ናት” ትለኛለች፤ በእረፍት ቀንሽም መነፅር ቤት ነሽ። ስለዚህ በኔ በኩል የሆነውን ልጻፍልሽ።

ማጠቢያው ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነበር የደወልኩት፤ እዚያ ብቻ ነው መስመሩ የሚይዘው። የሶፋ ሰሪውን ድምፅ ስሰማ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ከኋላ መዶሻው ሲወድቅ፣ አንድ ሰው ጨርቅ ሲቀድ ሁሉ ይሰማኛል። ከዚያ መተረክ ጀመረ። ዋሻው፣ ጅቦቹ፣ ባለ ቀንዱ አለቃቸው። እንደ ድሮው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ እዚህ ደረጃ ላይ እኔም ጎንበስ አልኩ።

መካኒኩ ቀድሞ ገባ። አንቺ ሐረግሽን ለቀሽ ጅቦቹን ሁሉ አንድ ላይ ጠፍረሽ ያዝሽ። “እንዳይፈታ እኔም መሃላቸው መቆም አለብኝ” ስትዪ ሰምቻለሁ። መካኒኩ፣ “አበጀሽ፣ ጎበዝ” አለሽ። ሶፋ ሰሪውም፣ “ትልቋ እንዲህ አድርጋ ሰብስባልህ አታውቅም መካኒክ” አለው። ሁላችሁም ሳቃችሁ።

ከዚያ ተራዬ ደረሰ። እሳቱን ልልቀቅ አልኩ። ሶፋ ሰሪው የሆነ ነገር ጠየቀኝ፤ እዚያ ላይ መስመሩ ተቆራረጠብኝ። “ልቀቂ” የሚል መሰለኝ። ዳይሱ ጠረጴዛው ላይ ሲንኳኳ ሰማሁ። ብዙ ነበር፤ እንደ በረዶ ነው የወረደው። መካኒኩ እየደመረ ድምፁ ከፍ ከፍ አለ፣ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አንቺ አንድ ነገር አልሽ። ሶፋ ሰሪው፣ “ዛሬ ይብቃን” ብሎ ስልኩን ዘጋው።

መሃል መቆምሽን በዚያች ቅጽበት አላስታወስኩም። ደግሞ ጨዋታ ነው። ጨዋታ ላይ የሞተ ሰው አዲስ ገጸ ባሕርይ ወረቀት ላይ ጽፎ ይቀጥላል። ተቀየምሽኝ?

እህትሽ


መጋቢት 3

ጭራሮዬ፣

መልስሽን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። እማዬ ሳትፈልግ ነገረችኝ፤ እሁድ እሁድ ቤት ነው የምትውለው አለችኝ። ሶፋ ሰሪውም ደውሎ፣ “ወንበሩ ባዶ ነው፣ ሁለታችሁንም አጣሁ” አለኝ። እኔን እየተቆጣ ይሁን እያዘነልኝ አልለየሁትም።

ከፈለግሽ ስደቢኝ። ዝም አትበዪኝ። አብራኝ አንሶላ የምታጥፈው ሴት፣ “ዛሬ ጫፉን ምነው ትጎትቺብኛለሽ?” አለችኝ።

ምን ልላክልሽ? ንገሪኝ።

እህትሽ


መጋቢት 24

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷም ሻል ብሎታል። ምንም አትላኪ።

መስመሩ አልተቆረጠም። ሶፋ ሰሪው፣ “እህትሽ መሃላቸው ናት፣ እሳቱ ዘመድ አይለይም፣ ታውቂያለሽ?” ሲልሽ፣ አንቺ “አውቃለሁ” አልሽው። ሦስታችንም ሰምተናል። እሱ እንደገና ጠየቀሽ፤ አንቺም “አውቃለሁ አልኩህ እኮ” አልሽ። ይህን የምጽፈው ልወቅስሽ አይደለም። የሰማሁትን እንዳልሰማሁ አድርጌ መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

በጥቅምት የእሳት ኳስ ኃይለኛ ነው አይደለም ብለን ጀመርን። አንቺ ከላኪው በኩል ነገርሽኝ፤ ሶፋ ሰሪው በእርሳስ ነገረኝ። ውስጡ የነበረችውን ማንም ስላልጠየቃት እኔ ልንገርሽ። ኃይለኛ ነው። ዳይሱ እንደዚያ ሲወርድ ጆሮዬ ጋለ። ያቺን አስማተኛ ከጥቅምት ጀምሮ ነው የሠራኋት፤ የፀጉሯን ቀለም እንኳ ሦስት ጊዜ ለውጫለሁ። መካኒኩ ደምሮ ሳይጨርስ አመድ ስትሆን ታየኝ። ጭጋግ ብለቅብሽ እንደዚያ አይሰማሽም።

ያልነገርኩሽ ነገር ግን አለ፤ እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት በዚህ ነው። እሳት ውስጥ ያለ ሰው ለመትረፍ አንድ ዳይስ ይወረውራል፤ ታውቂዋለሽ። ወረወርኩ። ትልቅ ቁጥር መጣ። ያ ጠርዙ የተበላው ዳይሴ፣ በትንሽ ቁጥር ሲያሰቃየኝ የከረመው፣ በዚያች ቀን መልካም ሰጠኝ። ግማሽ ተቃጥዬ እተርፍ ነበር። በእጄ ሸፈንኩትና “አልሆነልኝም፣ ሞቻለሁ” አልኩ።

ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። መካኒኩ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። ሶፋ ሰሪውም እጁ ለማጨብጨብ ተከፍቶ ነበር። እኔ እዚያ ወንበር ላይ ከጥቅምት ጀምሮ ስቀመጥ አንድም ሰው ተነስቶልኝ አያውቅም። ከተረፍኩ ጭብጨባው ያንቺ ነው፤ ከሞትኩ ግን አያጨበጭቡልሽም ብዬ አሰብኩ። ልክ ነበርኩ። የሶፋ ሰሪው እጅ እንደተከፈተ ቀረ። መካኒኩ ተቀመጠ። አንቺ ግን ስልኩ ውስጥ ገና ትስቂ ነበር፣ ብቻሽን። ያቺን ሳቅሽን ነው መርሳት ያቃተኝ። አንቺ እንደዚያ ስትስቂ የሰማሁት ከሄድሽ ወዲህ የመጀመሪያው ነው፣ እኔ ደግሞ አፍሽ ውስጥ እንዲቀር አደረግኩት።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው ጋ ብሄድ ሁሉም ያዝኑልኛል። የማይገባኝ ሐዘን ነው። ለዚህ ነው ቤት የምውለው።

ታናሽሽ


ሚያዝያ 11

ለጭራሮ፣

እንደምን ነሽ?

ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት እዚያው ደረጃ ላይ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ እንደገና አነበብኩና ተናደድኩ። እሳት ለቅቄብሽ እንኳ በለጥሽኝ። እኔ እፍኝ ሙሉ ዳይስ አስወርውሬ ያላገኘሁትን አንቺ በአንድ ዳይስ አገኘሽው፤ እሱንም ሸፍነሽ። እንዲህ ያለ ድግምት መጽሐፉ ውስጥ የለም።

ድልድዩን ሳስብ ከርሜያለሁ። ሰው የተነሳልኝ ሽፍቶቹ ስለሞቱ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳየው መካኒኩ ሊሞት ስለነበር ነው። ብጠላውም የሚበላኝን ልጻፍልሽ፤ አንቺ ባለፈው ጅቦቹን ሰብስበሽ ባታስሪልኝ የኔ እሳት ሁለቱን ለብልቦ ይቀር ነበር። መካኒኩን ያስነሳው ቁጥር ግማሹ ያንቺ ነው። ይህን ለሶፋ ሰሪው አታንቢለት፤ በእርሳስ ይሠራዋል።

እንዲህ አድርጊ። እሁድ ሂጂና ትክክለኛውን ቁጥር ንገሪያቸው። ይስቁብሽ፣ ምንም አይደለም። ያቺ አስማተኛ ግማሽ ተቃጥላ ትነሳ። ፀጉሯ ሦስት ጊዜ ቀለም ተለውጦለት በዚህ አይሞትም። ሐዘናቸውን መልሺላቸው፣ የኔንም ጭብጨባ አምጪልኝ። ባይሆን ግማሹን።

ወንበሩን አልሰጠሁሽም፣ አውሼሻለሁ። የእማዬን ነገር ደግሞ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ በሚቀጥለው ስደውል፣ “ትንሿ ልጄ ናት ያመጣችኝ” ማለት ትለማመዳለች። ካላለች ስልኩን እዘጋባታለሁ።

እንደምቀናብሽ ታውቂያለሽ፣ እኔም እንደምትቀኚብኝ አወቅኩ። ይህ በሁለት ደብዳቤ የሚለቅ ነገር አይመስለኝም። ስለዚህ ቃል የምገባልሽን ብቻ ልንገርሽ። በዚህ እሁድ እደውላለሁ። ሐረግሽን ልቀቂ፣ ጭራቆቹን ሰብስቢ፣ ከዚያ ፈጠን ብለሽ ከመሃላቸው ውጪ። መካኒኩ “ጎበዝ” ቢልሽም አትቁሚ። ከቆምሽ ግን ሶፋ ሰሪው ሲጠይቀኝ ምን እንደምለው እኔም አላውቅም።

የማትረሳሽ እህትሽ